ማርጎ የመታችው ሰው

ዋያት ስቶል የጂምናዚየሙን በር በእርግጫ በርግዶ ሲገባ ልጃገረዶቹ ሰንደቆቻቸውን ገና ወደ ላይ መወርወራቸው ነበር። ቀያዮቹ የሐር ጨርቆች ከጣሪያው መብራት ሥር ተዘርግተው ለአፍታ ተንሳፈፉ። ከዚያ የብረት ዘንጎቻቸው እየተንቋቁ ተራ በተራ ወለሉ ላይ ወደቁ። የቀለበ አልነበረም። ሁሉም ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ቀርተዋል።

«ማነው አቁሙ ያላችሁ? አንሱና ከመጀመሪያው!» አለ ኮርሊስ ዴል፣ አሰልጣኛቸው።

ማርጎ ከሙዚቃ ማጫወቻው አጠገብ ቆማ ሰማችው። ቃሉ የተለመደው የኮርሊስ ቃል ነው፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር። ይህ ሰው ፈርቷል። ኮርሊስ ሲፈራ አይታው ስለማታውቅ እሷም ፈራች።

ካሮው በኢንዲያና ግዛት ደቡብ፣ በነጭ ድንጋይ ካባ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ካባው የስቶሎች ነው። የትምህርት ቤቱ ፉትቦል ሜዳ የሚጠራው በሽማግሌው በኦቶ ስቶል ስም ሲሆን፣ ቡድኑን የሚያሰለጥነው ልጃቸው ዋያት ነው። ኮርሊስ ደግሞ ያደገው ከካባው ግርጌ፣ ተጎታች ቤቶች ከተደረደሩበት ጭቃማ መንደር ነው። አባቱ ለስቶሎች ድንጋይ ሲያወጣ ገመድ ተበጥሶ ድንጋዩ ላዩ ላይ ወደቀ፤ በቀብሩ ላይ ከስቶሎች ቤት አንድ ሰው አልተገኘም።

ያ የሙት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ፉትቦሉን ትቶ ማርሽ ባንዱ ፊት ሰንደቅ እያውለበለቡ፣ የእንጨት ጠመንጃ ወደ ሰማይ እየወረወሩ ከሚጨፍሩት ልጃገረዶች ጋር ተሰለፈ። ከመሃላቸው ብቸኛው ወንድ እሱ ነበር። በካሮው እንዲህ ያለ ልጅ ምን ምን እንደሚባል እዚህ አልጽፈውም። ትምህርቱን እንደጨረሰ ከተማውን ለቆ ጠፋ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ የሰንደቅ ቡድን ሊያሰለጥን ነበር የመጣው።

ማርጎ የዋያት ታናሽ እህት ናት። ቺካጎ ውስጥ ስትደንስ ኖራ ጉልበቷ ሲጎዳ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ሥራ መፍታቱ ሲያስጠላት ልጆቹን እንቅስቃሴ ላስተምር ብላ ኮርሊስ ዘንድ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን የእንጨቱን ጠመንጃ አንስቶ ወደ ላይ ወረወረው። ጠመንጃው ከላይ ሲሽከረከር እሱ ቀና ብሎ እንኳን አላየውም። ያየው እሷን ነበር። እያያት እጁን ዘረጋ፣ ጠመንጃውም መጥቶ መዳፉ ላይ አረፈ። ማርጎ የዚያን ዕለት ቤቷ ገብታ እራት መብላት አቃታት።

ብርዱን ወራት ሙሉ ተደብቀው ተዋደዱ። በልጆቹ ራስ በላይ እየተያዩ፣ ሐሩን ሲያጥፉ ጣታቸው እየተነካካ። ኮርሊስ ሲስቅ አገጩ ወደ ግራ ሸርተት ይላል፤ እሷ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ያንን ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» ብላ ስትጠይቀው «ልጅ ሆኜ ወድቄ» ይላታል። አርብ ማታ ማርጎ መደበቁ መሯት እራት ላይ ለቤተሰቧ ተናገረች። «ኮርሊስ ዴልን ላገባው ነው» አለች። አባቷ ሹካቸውን አስቀመጡ። እናቷ አቀረቀሩ። ዋያት ከገበታው ተነስቶ ወጣ።

እነሆ ቅዳሜ ከሰዓት በሩን በርግዶ የገባው እሱ ነው።

«ዕቃህን ሰብስብ። ዛሬውኑ ከዚህ ከተማ ትወጣለህ» አለ።

«ልምምድ ላይ ነን፣ ዋያት። ነገ የግዛቱ የሰንደቅ ውድድር ፍጻሜ ነው። ሰኞ እንደፈለግክ እናወራለን።»

«ከማን ጋር ነው የማወራው? ከአንተ ጋር? በል ቀሚስህን ልበስና ከሴቶቹ ጋር ተሰለፍ!»

«ዋያት፣ አብደሃል እንዴ? ልጆች ፊት እኮ ነው!» ማርጎ ወደ መሃል ገባች።

«አንቺ ዝም በይ። ያንቺን ቤት እንነጋገርበታለን።»

ኮርሊስ ዓይኑን ከዋያት ሳይነቅል የቡድኑን መሪ ጠራት። «ጁኖ፣ ልጆቹን ይዘሽ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግቢ። በሩን ከውስጥ ቆልፊ።»

«አሰልጣኝ፣ አንተስ?» አለች ጁኖ።

«ግቢ አልኩሽ እኮ፣ የኔ ልጅ!»

ልጆቹ እየተገፋፉ ገቡ። ቁልፉ ሲዞር ዋያት ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ ነጩን የእንጨት ጠመንጃ አነሳ። ሲያነሳው ፈገግ አለ፤ ክብደቱን በእጁ እየመዘነ። ከዚያ ኮርሊስን ጎኑ ላይ መታው።

ድምፁ ደረቅ ማገዶ ሲሰበር ይመስል ነበር። ኮርሊስ ታጠፈ። ሁለተኛው ምት አፉ ላይ አረፈ። በጉልበቱ ወደቀ፤ ከከንፈሩ የሚንዠቀዠቀውን ደም በመዳፉ ተቀበለ። ወለሉ እንዳይበላሽ የሚሳሳለት ይመስል ነበር። እጁን አልሰነዘረም። ማርጎ የወንድሟን ጃኬት ከኋላ ጨምድዳ ጎተተች፤ ዋያት በክርኑ ገፈተራት፣ ግድግዳው ላይ ተላተመች።

«ምታኝና ሂድ። እሷን ግን አትንካ» አለ ኮርሊስ በደሙ ውስጥ።

ዋያት በጫማው ሆዱን ረገጠው። «አባትህም እንዲህ ነበር አሉ ድንጋይ ሥር ሲልከሰከስ። እንደ ውሻ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በጣም ፈጠነ። ኮርሊስ ተነሳ። እንዴት እንደተነሳ ማርጎ አላየችም፤ ያየችው ሁለቱም ሲወድቁ ነው። የዋያት ጭንቅላት ወለሉ ላይ ጓ ብሎ ነጠረ። ኮርሊስ ደረቱ ላይ ተቀምጦ በቡጢ አፍንጫውን መታው፣ ደገመው፣ ሠለሰው፤ ደም እስከ ነጩ ግድግዳ ተፈናጠቀ። ጠመንጃውን ከእጁ መንጭቆ በሁለት እጁ ይዞ የዋያት ጉሮሮ ላይ አጋደመው። ከዚያም ክብደቱን ሁሉ ለቀቀበት።

«ኮርሊስ! በቃ! በቃው!»

አልሰማም። የዋያት ተረከዝ ወለሉን እየደበደበ ነበር። ፊቱ ቀላ፤ ጠቆረ። የኮርሊስ ፊት ላይ ግን ቁጣ እንኳን አልነበረም፤ ባዶ ነበር። ማርጎ ትከሻውን ጎተተች፣ ጸጉሩን ነጨች፣ በጆሮው ጮኸች። የዋያት ተረከዝ መደብደቡን እያዘገመ ሄደ።

ያኔ ከወለሉ ላይ የሰንደቅ ዘንግ አነሳች። ሐሩ ገና እላዩ ላይ ነበር። ባላት ኃይል ሁሉ ከፍ አድርጋ የኮርሊስን ቀኝ የእጅ አንጓ መታችው።

አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት።

ጠመንጃው ተንከባለለ። ዋያት እያቃተተ አየር ሳበ። ኮርሊስ የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቀስ ብሎ ዞረ፤ እጇ ላይ ያለውን ዘንግ አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ማርጎ ዕድሜዋን ሙሉ ብዙ ዓይነት ዓይን አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠማትም። የሚወደውን ሰው ከሩቅ የሚሰናበት ሰው ዓይን ነበር።

«ወንድምሽ ነው» አለ። «ገባኝ።»

«ኮርሊስ፣ አይደለም…»

«ገባኝ አልኩሽ።»

ካፖርቱን እንኳን ሳያነሳ ወደ በረዶው ወጣ።

ዋያት ከወለሉ ላይ በክርኑ ተነስቶ ደም ተፋ። መሳቅ ሞከረ፤ የወጣው ሲርሲርታ ብቻ ነበር። «ያኔ አገጩን ብቻ መስበሬ… አንገቱን ነበር መስበር የነበረብኝ።»

ዘንጉ ከማርጎ እጅ ወደቀ። «ምን አልክ?»

«አልነገረሽም? ተማሪ ሆነን። ሜዳው ጀርባ። ሁለት ሰው ያዘልኝ።» አፉን በእጅጌው ጠረገ። «ለማንም አልተናገረም፣ ፈሪ ስለሆነ።»

ስንት ጊዜ ነበር ያንን አገጭ የሳመችው! ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከተቆለፈው በር ኋላ ልጆቹ ሲያለቅሱ ይሰማታል፤ እሷ ግን እንባም አልመጣላትም።

*

ሽማግሌው ስቶል ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሸሪፉን ምክትል ቤታቸው ድረስ አስጠርተው ጠበቋት። ሰውየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሳሎን ተቀምጧል። እናቷ ኢልዛ ከማዕድ ቤቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ዕቃ ያጥባሉ።

«የሆነውን ንገሪው» አሉ አባቷ። «ያ ሰውዬ እንዴት ዘሎ ወንድምሽን እንዳነቀው ንገሪው።»

«ዋያት ነው የጀመረው» አለች ማርጎ።

«ማርጎ።»

«ኮርሊስ እጁን ሳያነሳ በጠመንጃው መታው። ወድቆ እያለ ረገጠው። እኔን ግድግዳ ላይ ወረወረኝ። ከዚያ በኋላ ኮርሊስ አነቀው፤ አዎ፣ ሊገድለው ነበር፣ ይህንንም ጻፈው። እጁን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ጠይቃቸው፤ ከበሩ ኋላ ሁሉን ሰምተዋል። ደግሞ ከዓመታት በፊት የኮርሊስን አገጭ የሰበረው ማን እንደሆነም ጻፍ።»

ምክትሉ አንዴ ሽማግሌውን አንዴ እሷን እያየ ጻፈ። እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። ሰውየው ባርኔጣውን ይዞ ወጣ፤ የመኪናው ድምፅ ከግቢው እስኪርቅ ኦቶ ስቶል ጠበቁ።

በጥፊ መቷት። ጣታቸው ላይ ያለው ትልቅ ቀለበት ጉንጯን ሰነጠቀው።

«የገዛ ወንድምሽን! ለተጎታች ቤት ልጅ!»

«የተጎታች ቤት ልጅ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ» አለች። ደሙ ወደ አንገቷ ይወርዳል። «አባቱን የገደለው የእናንተ ገመድ ነው።»

እጃቸውን ሁለተኛ አነሱ፣ ግን አልሰነዘሩም። «ውጪ። ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ አትገቢም።»

ማርጎ ወደ ማዕድ ቤቱ አየች። «እማዬ?»

ውሃው እየፈሰሰ ነው። የእናቷ ትከሻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አልዞሩም። ጥፊው ያላሳመማትን ያ ጀርባ አሳመማት።

*

ፀሐይዋ ከካባው ማዶ ስትጠልቅ የኮርሊስ ተጎታች ቤት ደረጃ ላይ ደረሰች። መኪናው ቆሟል፣ መብራቱ በርቷል። አንኳኳች።

«ሂጂ፣ ማርጎ።»

«አልሄድም።»

«እጄን ሰብረሻል። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«በርህን!» አለችና በሩን በቡጢ ደበደበችው። ስሱ ቆርቆሮ እስከ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። «ክፈት!»

«ወንድምሽን አድነሻል። ደግ አደረግሽ። እኔም ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር። አሁን ሂጂ።»

«እሱን አይደለም ያዳንኩት፣ አንተ ደንቆሮ! ትንሽ ብትቆይ እሱ መቃብር ነበር፣ አንተ ወህኒ ነበርክ። እኔስ? እኔ የት ልግባ? በየእሁዱ አንዳችሁን ልቀብር አንዳችሁን ልጠይቅ?» በሩን እንደገና መታችው። «እነዚያ እጆች የማን እንደሆኑ ጠፋኝ። ልጆቹን ሲያስተምሩ የማውቃቸው እጆች… አንገት ላይ አየኋቸው። ምን ላድርግ? ስጠራህ አልሰማህም። ስጎትትህ አልሰማህም።»

ከውስጥ የወለሉ እንጨት ሲጮህ ሰማች፤ ወደ በሩ ቀርቧል።

«አገጭህን የሰበረው እሱ ነው» አለች።

የበሩን እጀታ ነቀነቀች።

«ወድቄ ነው አልከኝ! ያንን አገጭ እየሳምኩ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ከሰበረው ሰው ጋር እየሳቅሁ ምሳ ስበላ እያወቅህ ዝም ትለኝ ነበር? አታፍርም? ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የምታዋርደኝ?»

«ምን ልበልሽ?» ኮርሊስ ከበሩ ኋላ ጮኸ። በጩኸቱ ውስጥ ለቅሶ ነበር። «ስሙን ስትጠሪ ፊትሽ ይበራል! ልጅ ሆነሽ ከካባው ኩሬ ዘሎ ገብቶ እንዴት እንዳወጣሽ ስንቴ ነገርሽኝ? በነገርሽኝ ቁጥር እንደ አዲስ እንባሽ ይመጣል። እኔ ነኝ እሱን የምቀማሽ? እኔ አባቴን ተቀምቻለሁ፤ መቀማት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺን ለምን እንዲህ አደርግሻለሁ?»

ማርጎ ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። በዚህ ሁሉ ወር ከእሷ ጋር ሊሸከመው የሚገባውን ብቻውን ተሸክሞታል። ተናዳበታለች፤ መናደዷ ግን ፍቅሯን እያባሰው እንጂ እየቀነሰው አልነበረም።

«ክፈትልኝ» አለች በቀስታ። «ብርድ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ፊቱ አብጦ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ የተሰበረ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስሮታል። ሐኪም አላየውም። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ጉንጯን አየ።

«ማነው?»

«ተወው።»

«ማነው አልኩሽ!»

«አባቴ።»

ፊቱ ያ ባዶ ፊት ሆነ። ዞር ብሎ በግራ እጁ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ማርጎ ደፉ ላይ ቆማ ሁለት እጇን በመቃኑ ዘረጋች።

«ዞር በይ።»

«አልዞርም።»

«ማርጎ፣ ዞር በይልኝ። ዛሬ አልችልም። ዛሬ አልችልም እኮ!»

«ረግጠኸኝ እለፍ። ገፍትረኝ፤ ዋያት ገፍትሮኝ የለ? ምታኝ፤ አባቴም መቶኛል። ከእነሱ የቀረህ አንተ ብቻ ነህ። በል!»

በግራ እጁ ቡጢ ጨብጦ አነሳ። እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም። ቡጢው በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። ስሱ እንጨት ተቀደደ፤ እጁ እስከ ክርኑ ገባ። እዚያው ክንዱ እንደተቀረቀረ ግንባሩ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«ከተማው ሁሉ መቶኛል» አለ እያለቀሰ። «ያንቺ ብቻ ነው ያመመኝ።»

«አውቃለሁ።»

«የመረጥሽው እሱን መሰለኝ።»

«ፈርሜ መጣሁ» አለችው። «ሁሉንም ተናግሬ፣ በወንድሜ ላይ ፈርሜ መጣሁ። አንተ ያደረግከውንም ተናግሬያለሁ። ቤት የለኝም አሁን።»

ክንዱን ከግድግዳው ስቦ አወጣና ቀና ብሎ አያት። ቁልፉ ከእጁ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሷ አነሳችው፣ ካፖርቷን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና ሐኪም ቤት ልትወስደው ደግፋ አወጣችው። መንገዱን ሁሉ ደህናው እጁ ከጉልበቷ ላይ አልተነሳም፤ ማርጎም እየነዳች በሌላ ቀን ይህን ያህል ድሃ፣ ይህን ያህል ደግሞ ሙሉ ሆና እንደማታውቅ ተሰማት።

*

ዋያት በዚያው ምሽት አፍንጫው በፋሻ እንደታሸገ በፖሊስ ተያዘ። ትምህርት ቤቱ እሁድ ጠዋት ለማርጎ ደወለ፦ ነገሩ እስኪጣራ ኮርሊስ ዴል ከቡድኑ ጋር ወደ ውድድሩ ወለል እንዳይገባ፤ ከፈለገች እሷ ትምራቸው። ኮርሊስም ሳይጠየቅ ሸሪፉ ዘንድ ሄዶ ያደረገውን በራሱ አፍ ተናገረ፤ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ተነግሮት ተመለሰ።

ውድድሩ የሚካሄድበት የኢንዲያናፖሊስ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማርጎ ጉንጯ ተሰፍቶ፣ ልጆቿን ከኋላዋ አሰልፋ በወለሉ ጠርዝ ቆመች። ጁኖ ወደ ተመልካቹ እያንጋጠጠች ትፈልጋለች።

«ይመጣል፣ አሰልጣኝ?»

«ወለሉን ነው የከለከሉት። ወንበር አልከለከሉትም።»

መጥቶ ነበር። ከላይ፣ በካሮው ሰዎች መደዳ ጫፍ ላይ፣ እጁ በጀሶ ታስሮ ብቻውን ተቀምጧል። ሰዎቹ ግራና ቀኙን ክፍት ትተውለታል። የስቶሎች ካባ የሚያበላው ሰው ሁሉ ጎኑ መቀመጥ ፈርቷል። ማርጎ ያንን ባዶ ወንበር ከታች ሆና ስታይ ዘንጉ ልቧ ላይ ያረፈ መሰላት። ወጥታ አጠገቡ ልትቀመጥ ፈለገች፤ ልጆቹን ትታ ግን መሄድ አትችልም። የቡድናቸው ስም ተጠራ።

ያኔ ነው አንዲት ሴት በደረጃው ሲወጡ ያየችው። የቤተ ክርስቲያን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ በየደረጃው እየቆሙ ይተነፍሳሉ። እናቷ ነበሩ። ያለ ባላቸው ከካሮው ወጥተው የማያውቁት ኢልዛ ስቶል፣ ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን ነድተው መጥተዋል።

የካሮው ሰዎች ቦታ ሊለቁላቸው ብድግ ብድግ አሉ። እሳቸው ሁሉንም አልፈው እስከ ጫፉ ሄዱ።

«እዚህ ሰው አለ?» ሲሉ ጠየቁት ኮርሊስን።

ኮርሊስ ደንግጦ ተነሳ። «የለም፣ ወይዘሮ ስቶል። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ጓንታቸውን አውልቀው ጀሶውን አዩት። ከታች ሙዚቃው ተጀምሯል፤ ልጆቹ ወለሉን ሞልተው ይሮጣሉ። ኢልዛ ግን ዓይናቸውን ከጀሶው አላነሱም።

«ያምሃል?»

«ልጅዎ ናት የመታችኝ» አለ ኮርሊስ። «በደንብ ያማል።»

ኢልዛ ስቶል ሳይታሰባቸው ጮክ ብለው ሳቁ። ሰዎች ዞረው እስኪያዩዋቸው ሳቁ፤ የሳቁበትን ዘመን ማንም አያስታውስም። ሳቁ ግን በሳቅነቱ አላበቃም፤ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «ትናንት መዞር ነበረብኝ» አሉ። «ስትጠራኝ መዞር ነበረብኝ።»

በዚያ ቀን ዋንጫውን ሌላ ትምህርት ቤት ወሰደው። ማርጎ ዳኞቹ ምን እንዳሉ በኋላ ስትጠየቅ አታስታውስም። የምታስታውሰው ትርኢቱ አልቆ ልጆቹ እያለከለኩ ሲያቅፏት፣ በትከሻቸው ላይ ቀና ብላ ወደ ላይ ማየቷን ነው። የእናቷ ሽበት በኮርሊስ ትከሻ ላይ ተደፍቷል። ኮርሊስም በደህናው እጁ፣ የሚሰበር ነገር እንደያዘ ሰው፣ በጣም ተጠንቅቆ አቅፏቸዋል። ማርጎ ከቅዳሜ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያኔ መጣላት፤ ሕዝብ ፊት፣ መብራቱ መሃል፣ ሳትደብቀው አለቀሰች።